አሮጌው አምፖል ያላሳየን

አንተ ሰው፣ ስልክህን ብታነሳ ኖሮ ይህን ካርድ ባልጫርኩ። እዚህ ሥልጠናው ላይ፣ ከማይክሮስኮፑ ጎን ያለች ትንሽ ሳጥን በኬብል ብርሃን ትልካለች፤ እንደኛው አምፖል እስኪሞቅ መለማመጥ የለም። እኔና አንተ በጤና ጣቢያችን ላብራቶሪ አይተን «የለበትም» ያልነውን፣ ለልምምድ ይዤው የመጣሁትን የአክታ ስላይድ እንደገና ቀለም ቀብቼ አየሁት። የሳንባ ነቀርሳው ጀርም እያበራ እንደ ጉንዳን ፈልቷል።

«አምፖላችሁን መቼ ነው የቀየራችሁት?» አለችኝ አሠልጣኟ።

«ይበራል እኮ» አልኳት። «ቢበራም ሲያረጅ ጀርሙን አያሳይም» አለችኝ።

ስላይዱ የሾፌራችን ነው፤ «ጉንፋን ነው» ብለን የሸኘነው፣ ሕፃን ልጁን አቅፎ የሚያድረው። ካርዱን ዛሬ ወደዚያ በሚሳፈር ሰው እጅ ልኬዋለሁ። ልጁንም ቶሎ አስመርምሩ። እናቴን ሳምልኝ። ለሾፌራችን ሰላምታዬ ይቅር፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን አድርስለት።