ስክሪን ባለማየት ስለተጠረጠረችው ሰዓዳ

ለተከበሩ የድረ ገጽ ተደራሽነት ባለሙያዎች ምዘና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ዓይኖቻችሁ፣ እንደምን ከርማችኋል? እኛ የሐይቅ ከተማ ነዋሪዎች፣ ከማዕከልዎ ከደረሰብን ጥርጣሬ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

እኔ ከመናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የኮምፒውተር አገልግሎት የምሰጥ ታረቀኝ የምባል ሰው ነኝ። ሰዓዳ ደግሞ በዚሁ ቤት ድረ ገጽ የምትሠራ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነች፣ ስክሪኑን በሚያነብላት ድምፅ እየተመራች ኮድ የምትጽፍ ባለሙያ ናት። ማዕከልዎ ማየት ለተሳናቸው የሚያመች ድረ ገጽ መሥራት ለሚችሉ ሰዎች የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ ስትሰማ ደስ ብሏት ተመዘገበች። ደሴ ያለ አንድ መሥሪያ ቤትም ወረቀቱን እስከ ወሩ መጨረሻ ካመጣች ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል። ስለዚህ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እናቀርባለን።

1. ባለችበት ሆና በካሜራ እየታየች እንድትፈተን ስለፈቀዳችሁ እናመሰግናለን። ካሜራችሁ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ዓይኗን ወደ ስክሪኑ እንድትመልስ ካስጠነቀቃት በኋላ፣ «አጠራጣሪ የዓይን እንቅስቃሴ» ብሎ ፈተናውን ዘጋባት። መልሱ ጣሪያ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ጠርጥራችሁ ይሆናል። የእኔ ጣሪያ ላይ ያለው ግን ያለፈው ክረምት ያፈሰሰው ውኃ ምልክት ብቻ ነው።

2. በእኛ አገር ልጅ ለትልቅ ጉዳይ ስትቀመጥ ዱአ ይደረግላታል። እናቷ እትዬ ፈዲላ በሩ ሥር ተቀምጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ፈተናውን እንዳይረብሹ በዝግታ ዱአ ሲያደርጉ፣ እኔም ከጎናቸው አሜን ስል ነበር። ሪፖርታችሁ «ሁለት ግለሰቦች በእጅ ምልክትና በሹክሹክታ መልስ ሲያቀብሉ ተደርሶባቸዋል» ይላል። እትዬ ፈዲላ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ለዓይነ ስውር በእጅ ምልክት መልስ ማቀበል የሚችል ሰው ካወቃችሁ ግን አድራሻውን ብትልኩልን ደስታችን ወሰን የለውም።

3. ውሳኔያችሁን በፎቶ ስለላካችሁላት እናመሰግናለን። ስልኳ «ሥዕል» ብሎ ዝም ስላለና ወቅቱም ዒድ ስለነበረ፣ የመልካም ምኞት ካርድ መስሏት አራት ቀን አቆየችው። በአምስተኛው ቀን እኔ አነበብኩላት። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ሰባት ቀን ነው።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጠውም፣ ምክንያቱም ተናድጃለሁ። ያን ቀን ጠረጴዛ እየደበደብኩ ስጮህ ያጽናናችኝ እሷ ነበረች። «አብሽር ጋሼ ታረቀኝ፣ የፈተኑት ዓይኔን ከሆነ መውደቄ እውነት ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። በማዕከልዎ ደጅ አንድም ማየት የተሳነው ሰው አልፎ እንደማያውቅ እጠረጥራለሁ። ድረ ገጻችሁ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ የሚስቀው ሰውዬም ፎቶው ሲያልቅ መኪናውን እያሽከረከረ ወደ ቤቱ እንደሄደ እጠረጥራለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አመሉ ከእናንተ ነው የተጋባብኝ።

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሰዓዳ እንደገና ትፈተን፣ የሚፈትናትም የምትለውን የሚሰማ ሰው ይሁን።

የዓይናችሁን ብርሃን ይጠብቅልን እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ ታማኝ ተጠርጣሪዎ፣

ታረቀኝ፣ የአሜን ተባባሪ
ከሐይቅ

ማስታወሻ፦ ይህ ለሕዝብ የታተመው ቅጂ ነው። ለቢሮዎ የተላከውን ዋናውን ደብዳቤ ሰዓዳ ራሷ በብሬል ጽፋዋለች፣ ባዶ ወረቀት መስሎዎት እንዳይጥሉት። ማንበብ ካቃተዎት ቅሬታዎን በሰባት ቀን ውስጥ ማቅረብ ይችላሉ።