ከእናቴ ዱዓ የተረፈው

ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ግንቦት 3 ቀን 1979

ዛሬ ደሴ ወጣሁ። ከቀበሌው የኪነት ቡድን ተለይቼ ለብቻዬ የሠራሁትን የመጀመሪያ ካሴቴን፣ ሰው እንዲያስቀዳው ብዬ ፒያሳ ጋሽ ሰይድ ሙዚቃ ቤት ትቼው ነበር። ክራሬን ከፋብሪካችን የሽመና ማሽን ድምፅ ጋር ያጫወትኩበት ነው። የካሴቱ መዝጊያ የእናቴ ዱዓ ነው። ከሞተች ሁለት ወሯ። ሌላ ቅጂ የለኝም።

ጋሽ ሰይድ ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፉ።

«ወላሂ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። ባዶ ካሴት ቸግሮኝ ሠርግ ቀዳሁበት።»

ካሴቱን ተቀብዬ ጀርባውን አየሁ። ካሴት ላይ ሌላ እንዳይቀዳበት ከጀርባው ያሉት ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ይሰበራሉ። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን አንድ ቀን አሻሽለዋለሁ ብዬ ሳልሰብራቸው ሰጠኋቸው። ጅል!

ቤት ገብቼ የሰው ሠርግ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ካሴቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው እልልታው ተቆረጠ። ከዱዓው የተረፈው የራሴ «አሚን» ብቻ ነው። ከዚያ፣ ያኔ ስቀዳት መቅጃውን እስካጠፋው ድረስ ባለችው ቅጽበት፣ እናቴ በቀስታ ትጠይቀኛለች፦

«ሆዴ፣ ተቀዳልህ?»