ከቶጎጫሌ ያመጣሁልህ ቤዝ ጊታር

ሙሌዬ፣

ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። እኔ አለሁ፤ ደክሞኛል እንጂ። ልጃችን ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ውሃ አሁንም ከቦቴ ነው የምንቀዳው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ጋደም እላለሁ፤ እዚያው ይመሽብኛል። ራት የሚባል ነገር ከተውኩ ቆየሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ አንድ ነገር ስላደረግኩ ነው። ያንን የምትወደውን የሐርጌሳ ቤዝ ተጫዋች መቼም አልረሳኸውም፤ ካሴቱ ሽፋን ላይ አናጢ የጠረበለትን፣ ቀለም ያልነካውን ጊታር አቅፎ የቆመውን። ሰው ዘፋኙን ሲሰማ አንተ የምትሰማው እሱን ብቻ ነበር። ለበዓል ከባህል አዳራሽ የተዋስከውን ቤዝ መልሰህ በመጣህ ቁጥር እንደ ልጅ ታኮርፍ ነበር። አንድ ቀን እንደሱ ያለ በእጅ የተሠራ እገዛለሁ ትል ነበር። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ከዚያ የልጅቷ ትምህርት እያልን ቆየን፤ ከዚያ ታመምክ።

በቀደም አብራኝ የምታስተምረው ሂቦ፣ ቶጎጫሌ የሚኖሩት አጎቷ በወጣትነታቸው ሐርጌሳ ይጫወቱበት የነበረውን ቤዝ ሊሸጡ እንደሆነ ነገረችኝ። ያው አናጢ የሠራው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። የሽማግሌው ጣቶች በሪህ ተቆልምመዋል። እንደ ሂቦ አዴር፣ አጎቴ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ማን ሊጫወትበት እንደሆነ ጠየቁኝ። ላረፈው ባለቤቴ ነው ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ሕፃን እንደሚያቀብል ሰው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ዋጋውን አልነግርህም፤ ትደነግጣለህ።

ስመለስ ኬላው ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። ፈታሹ ጊታሩን የጠቀለልኩበትን ብርድ ልብስ ገልጦ የማን ነው አለኝ። የባለቤቴ አልኩ። ታዲያ እሱ ራሱ ለምን አልመጣም አለ። ሞቷል አልኩት። ሙሌ፣ ያቺን ቃል ከአፌ አውጥቻት አላውቅም ነበር፤ አረፈ፣ ተለየን እያልኩ ነው የኖርኩት። መንገድ ዳር፣ በዚያ አቧራ፣ በማላውቀው ሰው ፊት ወጣች። ሰውዬው ጊታሩን ራሱ መልሶ ጠቀለለና ሚኒባሱ ውስጥ፣ ወንበሬ ላይ አስቀመጠልኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እጄን ያዙኝ። ጅግጅጋ እስክንገባ አለቀስኩ።

ቤት ስገባ አልጋችን ላይ፣ ባንተ በኩል አስተኛሁት። ማጉያ የለኝም። ወፍራሙን ክር ነካ አድርጌ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ጣል አደረግኩ፤ ድምፁ ደረቴ ድረስ ገባ። እንዲያው ሳላስበው እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች።

ልጃችን ለእረፍት ስትመጣ ትማርበት ይሆናል፤ ካልፈለገችም አልጫናትም። ስላንተ ግን አጫውታታለሁ። እስካሁን ስትጠይቀኝ ወሬ እቀይርባት ነበር፤ ከእንግዲህ እስከምትጠግብ እነግራታለሁ። ደክሞኛል ሙሌ፤ ስምህን ለመጥራት ግን አልሰንፍም።

ያንተው ትዕግስት