ከእማዬ ራስ በላይ

ኅዳር 3

የጥርስ ሐኪሙ ጋ መጋረጃ ስሰቅል ዋልኩ። ሐምራዊ! ማን መረጠለት? አፌን ይዤ ሰቀልኩለት።

የመኪናዬ ነገር ግን አስመረረኝ። ካውያ ለማውጣት ጨርቁን ሁሉ መሬት ማውረድ... ድሪሉ ከዘንጎቹ ሥር፣ ቀለበቶቹ ከድሪሉ ሥር። የኋላውን ወንበር ከነቀልኩ ወዲህ ወለሉ መጋዘን ሆኗል።

እማዬ ጠዋት እንደተውኳት መስኮቱ ጋ ቁጭ ብላለች። ጎረቤታችን ምሳዋን አብልታታለች። ስለ ሐምራዊው ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች።

ኅዳር 5

ጎረቤታችን ልትሄድ ነው። ልጇ ጋ፣ ለሁልጊዜው። ደስ ብሏታል፣ እኔም ደስ ያለኝ ለመምሰል ሞከርኩ።

እማዬን ማን ይይዝልኛል? ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ ቀኝ እግሯ አይታጠፍም። በምርኩዝ እስከ መጸዳጃ ቤት ትደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ካልዞርኩ አንበላም።

ታላቅ እህቴ ደወለች። እኔ ጋ ትኑር፣ በወሩ መጨረሻ መጥቼ እወስዳታለሁ አለች። እትዬ ደግ ናት፣ አይካድም። ግን የምትኖረው ሌላ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ። አንዴ ከወጣች መቼ ትወርዳለች?

እማዬ ያልሰማች መስሎኝ ነበር። ሰምታለች።

"እዚያም መስኮት አለ አይደል?" አለችኝ።

ስልኩን አስቀምጬ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ኅዳር 6

ይዣት ብዞርስ? ጋቢና አይሆንም፣ እግሯን የት ትዘረጋዋለች? ከኋላ ግን... ወንበሩ ቢመለስ ወርድ ለወርድ ዘርግታ ትቀመጣለች። ወንበሩ ግቢ ውስጥ ነው፣ ድመት ወልዳበታለች።

ዕቃውስ የት ይሂድ? ሲመላለስብኝ ዋለና መኪናው ውስጥ እንዳለሁ ድንገት ቀና አልኩ። ጣሪያው ሥር ያ ሁሉ ቦታ! ለካስ ስንት ዓመት ሙሉ አየር ጭኜ ስዞር ኖሬያለሁ።

ኅዳር 8

ልኬቱን ለአናጢው ሰጠሁት። ሰፈርተኛው "ሚሊሜትር" ነው የሚለው፤ ከተጻፈለት ዝንፍ አይልም። ጣሪያ ሥር የሚንጠለጠል መደርደሪያ፣ ከግድግዳ ግድግዳ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ካልሆነስ?

ኅዳር 11

ጣውላው አልገባም አለ። በዚህ ሲገባ በዚያ ይተርፋል። ሚሊሜትር ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወረቀቱን አወጣ፣ ጣውላውን ለካ፣ ልክ ነው። ከዚያ መኪናዋን ራሷን ለካ። ቁጥሩን አሳየኝ።

በግራም በቀኝም ለእጥፋት የሚሆን ትርፍ ጨምሬበታለሁ! መጋረጃ ስለካ ሁሌ እጨምራለሁ፣ እጄ ለምዶ...

"እህቴ፣ ጣውላ ታጥፎ አይሰፋም እኮ" አለኝ።

መሬት ገብቼ ልጥፋ? ሁለታችንም ሳቅን። ቆርጦ ልክ አስገባው።

ኅዳር 12

ወንበሩ ተመለሰ። ድመቷ ከነልጆቿ ካርቶን ተሰጥቷት ታረቀችን። እማዬን ደግፌ አስገባኋት። እግሯን ዘረጋች፣ ቀና ብላ ጣውላውን ቆይታ አየችው።

"ከላዬ ጣውላ አደረግሽብኝ?" አለች። "አልቸኮልኩም እኮ ልጄ።"

ሚሊሜትር ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ሳቄ አልመጣ አለኝ። እውነቷን ነው። ድሪልና ካውያ የተሸከመ እንጨት፣ ከእናቴ ራስ በላይ፣ በዚያ ኮረኮንች መንገድ? ምን ነክቶኝ ነው? አስነቀልኩት።

እትዬ ስትደውል የምትመጣበትን ቀን ነገረችኝ። እሺ አልኳት። ምን ልበላት?

ኅዳር 13

ከእማዬ ጋር ሻይ እየጠጣን ነው። ፊቴ ጠቁሮባት ኖሮ፣

"አንቺ አናጢ ነሽ ወይስ ሰፊ?" አለችኝ። "ማን ነው ያስተማረሽ?"

እሷ ናት ያስተማረችኝ። ሻይዋን ጠጣች።

ሸራ! በጣውላው ፋንታ ኪስ ያለው ሸራ! እንዴት እስካሁን...?

ኅዳር 16

እኔ ሸራውን በስፌት መኪና እሰፋለሁ፣ እማዬ ኪሶቹን በእጇ ትሰፋለች። ለቅርብ ነገር ዓይኗ ደክሟል፣ መርፌው ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። እጇ ግን ያው የድሮው ነው። ስፌቴን አይታ "ይህን ፍቺው" አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ፈታሁት።

ከባድ ከባዱ ዕቃ ከወንበሩ ሥር ይገባል፣ ቀላል ቀላሉ ብቻ ነው ወደ ላይ። የሸራውን ጫፎች አጥፌ ሰፋኋቸው፣ በእጥፋቱ ውስጥ የመጋረጃ ዘንግ ያልፋል፣ ሸራው በዘንጎቹ ላይ ይንጠለጠላል። ያ ጣውላውን ያበላሸብኝ ትርፍ እዚህ ሥራ አገኘ። ሚሊሜትር ደግሞ ጣውላውን ቆራርጦ የዘንጎቹን መያዣ ሠራበት።

ኅዳር 18

ሸራው ረገበ። እማዬ አናት ላይ ቁጭ አለ። "ኮፍያም ሰፋሽልኝ?" አለች። መሃሉን በሌላ ዘንግ ደገፍኩት።

ኅዳር 20

ከእማዬ ጋር አብረን ሥራ ወጣን!

ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የቀለበቱ ከረጢት ተገልብጦ ዘነበባት። ደንግጬ ዳር ያዝኩ። ዞር ስል ጭኗ ላይ የወደቀውን እየለቀመች ነው። አባትሽ እንኳን የሰጠኝ አንድ ቀለበት ነው አለችኝ፣ ኮራ ብላ።

የትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር ሥራው። ከአዳራሹ በር ፊት አቁሜ የመኪናውን በር ከፍቼላት እዚያው ሆና ስታየኝ ዋለች። መሰላል ላይ እንዳለሁ ድምጿ መጣ፤ "ግራው ወርዷል!" ለካሁ። ወርዷል።

እቤት እንደገባን ለየኪሱ ክዳንና ቁልፍ ካልሰፋሁ ብላ ቁጭ አለች።

ኅዳር 25

መቀስ አጣሁ። ፒን አጣሁ። ለካስ የኪሶቹን ዕቃ ሁሉ እንደገና ደልድላዋለች። ምነው ብላት፣ "ቶሎ ቶሎ የምትፈልጊው እኔ እጅ አጠገብ ነው" አለች። ተናደድኩ... ለትንሽ ጊዜ።

ከነገ ወዲያ እትዬ ትመጣለች። እማዬ አላነሳችውም። እኔም አላነሳሁት። እማዬ ራሷ ልሂድ ብትል ምን እላለሁ?

ኅዳር 27

እትዬ በጠዋት መጣች፣ ባዶ ሻንጣ ይዛ። የእማዬ ልብስ ይገባበታል ብላ። እማዬ ግን ቀድማ፣ እኔን ተደግፋ መኪናው ውስጥ ገብታ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ አጥልቃ ተቀምጣለች።

"እማዬ፣ እንሂድ እንጂ" አለቻት።

"ዛሬ ሥራ አለን። ከፈለግሽ ጋቢናው ባዶ ነው።"

እትዬ እኔን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ ኪሶቹን አየች። ሻንጣዋን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ጋቢና ገባች።

ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ዋለች። መሰላል ላይ ሆኜ ፒን ስል፣ እማዬ ቀና ሳትል እጇን ሰዳ ከኪሱ ታወጣለች፣ እትዬ ትቀበላትና ታቀብለኛለች። ወሬያቸው አያልቅም፤ አብዛኛው እኔን ማማት ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

አመሻሽ ላይ ሻንጣዋን ባዶውን ይዛ ወደ ከተማዋ ተመለሰች። ቅር ያላት መስሎኝ ፈርቼ ነበር። በሩ ላይ ጭምቅ አድርጋ አቀፈችኝ፤ ዕረፍት ስትወጣ ልትመለስ ነው፣ "ጋቢናው የእኔ ነው" ብላለች።

ይህን የምጽፈው በእርሳስ ነው። እስክሪብቶዬን እማዬ የትኛው ኪስ ውስጥ እንደከተተችው አላውቅም። እንዳልጠይቃት፣ ሥራ ደክሟት ተኝታለች።