የ«ደጋ ፕላስ» አራተኛው ዘፈን የፅዮን ለቅሶ ነው

ለተከበሩ አቶ ሰውአገኝ
የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ጆሮዎ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ግን እጅግ ስላሳሰበኝ ለእርሱ ለብቻው ዱዓ አድርጌያለሁ። ናስር ዐብዱልከሪም እባላለሁ። አባቴ ጎንደር ገበያ ዳር የከፈተውን ሙዚቃ ቤት ተረክቤ፣ ድሮ በካሴት ዛሬ ደግሞ በፍላሽና በሚሞሪ ዘፈን እየሸጥኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ኮሚቴዎ «ደጋ ፕላስ» የተባለውን አዲስ አልበም «የሰሜኑን ቅርስ ከመጥፋት የታደገ» ብሎ የዓመቱ ምርጥ አድርጎ እንደ መረጠውና ሽልማቱም በመጪው ወር እዚሁ ከተማችን እንደሚሰጥ በሬዲዮ ስሰማ፣ ዝም ማለቱ ነውር መስሎ ስለታየኝ ምስጋናዬን በግልጽ ላቀርብ ተነሣሁ። ምስጋናዬ በርከት ያለ ስለሆነ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. ስለ ጂኦግራፊ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። የተከበሩት ድምፃዊ በሁለተኛው ዘፈን ኮሶዬ ላይ ከሐይቁ ዳር ቁጭ ብለው ዓሣ ሲያስጠብሱ፣ በሦስተኛው ደግሞ እንፍራንዝ ላይ ውርጩ አላስቆም ብሏቸው ጋቢ ሲደርቡ ሰምተናል። እኛ አላዋቂዎቹ ሐይቁ በእንፍራንዝ በኩል፣ ውርጩ ደግሞ በደባርቅ መንገድ ኮሶዬ ላይ ይመስለን ነበር። ስላረሙን እናመሰግናለን።

፪. ስለ ማሲንቆው አመሰግናለሁ። በአሥራ አንዱም ዘፈን ውስጥ ያለው ማሲንቆ ያው አንዱ ነው፤ ከኪቦርድ የወጣ በመሆኑ አይደክመውም፣ አይሳሳትም፣ የሚጫወተው ሰውም ምሳ አይፈልግም። ከበሮውም እንደዚሁ ነው። በየዘፈኑ መሐል «ጎንደር!» እያለ የሚጮኸውን ሰው ቆጥሬው አልበሙ እስኪያልቅ ሃምሳ ሦስት ጊዜ ጠርቶናል፤ አቤት የምንለው ግን ለምን ጉዳይ እንደሆነ እስካሁን አልነገረንም። የድምፃዊው ድምፅ ደግሞ በማሽን ታጥቦ ታጥቦ፣ የሰው ጉሮሮ ነክቶት የማያውቅ ሆኖ ወጥቷል። አርባ ዓመት ዘፈን የሸጥኩ ሰው ነኝ፣ መጥፎ ዘፈን አይገርመኝም፤ ይህኛው ግን ገረመኝ።

፫. አሁን ወደ አራተኛው ዘፈን ልምጣ፤ ኮሚቴዎ «የአልበሙ ዘውድ» ወዳለው፣ በየባጃጁና በየሠርጉ ወደሚጮኸው። እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ የቁጥር አይደለም።

ከጎንደር ወጣ ብላ ካለችው ከትክል ድንጋይ ካሰች የምትባል ሴት አለች። ሱቄ በር ላይ ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የተረፋትንም ጆንያ እኔ ዘንድ አሳድራ ትሄዳለች። በአገሯ ደግሞ ሙሾ አውራጅ ናት። ሰው ሲሞት ትጠራለች፤ ለሟቹ ለብቻው ግጥም ትሰጠዋለች፣ ለአንዱ የሰጠችውንም ለሌላ አትደግመውም። ካቻምና የገዛ ልጇ ፅዮን የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዷት መንገድ ላይ ዐረፈች። ያን ቀን ሌሎች ሴቶች ሊያወርዱላት ሲነሡ ካሰች እንቢ ብላ ራሷ አወረደችው፤

ፅዮንዬ ተነሽ እንጂ፣ አራስ ቤትሽ ሞቋል፤
ገንፎሽ ተገንፍቶ፣ ቅቤሽም ቀልጧል።

በማኪና የመጡ ሁለት ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው፣ የለቅሶውን ንፍሮ በልተው፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ነበር። የሟች ባል የከተማ ጓደኞች መስለውን ማንም ምንም አላላቸውም። ሲሄዱም «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ሄዱ። ጨዋዎች ነበሩ።

ክቡርነትዎ «ዘውድ» ያሉት ይህንን ነው። የካሰች ድምፅ፣ ሳጉ እንኳ ሳይወጣለት፣ ከሥሩ ከበሮ ገብቶበት። አራስ ቤቱንና ገንፎውን ቆርጠው ጥለው «ፅዮንዬ ተነሽ እንጂ» የሚለውን ብቻ አሥራ ስምንት ጊዜ አስደገሟት፤ በቪዲዮውም ላይ ፅዮን የተባለች አንዲት ጉብል ከመጠጥ ቤት ወንበር ተነሥታ ዳሌዋን ታዞራለች። የሞተችውን ልጅ ያስነሡበት መንገድ ይህ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ድርሻ ባልናገር እርስዎን የመውቀስ መብት አይኖረኝም። አልበሙ በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ያንን ዘፈን ድምፁን ለቅቄ ስፒከሩን ወደ ገበያው ያዞርኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ደርሼ ያንን ሙሾ በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ነበር፤ ከበሮ ሲገባበት ግን አላወቅሁትም። ካሰች ሚዛኗን እንደያዘች ስትገባ ደስ ያላት መስሎኝ «ሸጋ ዘፈን ነው፣ ለቤትሽ ልጫንልሽ?» አልኳት። «አያ ናስር፣ ዝጋልኝ፤ የፅዮን ነው» አለችኝ። ዘጋሁት። ያቺን ጥያቄዬን ባስታወስኩ ቁጥር ምላሴን መቁረጥ ያምረኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮዎ ስልክ ደውዬ ነበር። የመለሱልኝ ሰው እጅግ ትሑት ነበሩ፤ በአልበሙ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ በግልጽ እንደተጻፈ፣ የሕዝብ የሆነ ነገር ደግሞ ባለቤት እንደሌለው በትዕግሥት አስረዱኝ። ይህንኑ ለካሰች አስተላለፍኩ። «ምነው አያ ናስር፣ ፅዮንን የወለዳት ሕዝብ ነው? ሳምጣት እኔ ብቻዬን ነበርኩ» አለችኝ። ምናልባት ክቡርነትዎ መልስ ካለዎት ብዬ ጥያቄዋን እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

የአልበሙን ተወዳጅነት የሚያስረዳ አንድ ነገር ልጨምር። የካሰች ወንድም ምንዳዬ ኮሶዬ ላይ ልጁን ሲድር እኔም ተጠርቼ ነበር። የሙዚቃው ሰው አራተኛውን ዘፈን ከፈተው። በእኛ አገር ሞት በሌለበት ቤት ሙሾ ማውረድ ሟርት እንደሆነ ኮሚቴዎ ቅርስ ሲታደግ ሳያገኘው የቀረ አይመስለኝም። ከከተማ የመጡት ብድግ ብለው ትከሻቸውን መምታት ጀመሩ። የትክል ድንጋይ ሴቶች ግን ድምፁን ዐወቁት፤ አንዲቱ ነጠላዋን ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቀዘቀች፣ ከጎኗ ያለችውም ተከተለች፣ ወዲያው የዳሱ ግማሽ ለቀስተኛ ሆነ። ግማሹ እየጨፈረ ግማሹ ነጠላ አዘቅዝቆ አንድ ዳስ ውስጥ ተፋጠጠ። ሙሽራይቱ በገዛ ሠርጓ ላይ በሳምንቱ የምትሞት መስሏት ማልቀስ ጀመረች። ካሰች የወጥ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥታ ሄደች፤ እስከ ዛሬ ወንድሟ ቤት አልተመለሰችም።

ባለፈው ወር ደግሞ ጎረቤቷ አዛውንቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ሞቱና እንደ ልማዱ ተጠራች። ቆመች፣ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። የተቀበሩት ያለ ሙሾ ነው። ምን እንደሆነች ስጠይቃት «አፌን ስከፍት ከበሮው ይቀድመኛል» አለችኝ። ከእንግዲህ ለፅዮን ሙት ዓመት እንኳ ማልቀስ የምትችል አይመስላትም። ክቡር ሆይ፣ ቅርሱን ከመጥፋት የታደጋችሁት እንዲህ ነው፤ ከአፏ ነጥቃችሁ።

ይህ ሁሉ ሳይበቃ በዚህ ሳምንት የኮሚቴዎ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደርሷት እኔው አነበብኩላት። በሽልማቱ ቀን «የቅርስ እናት» ተብላ የምስክር ወረቀትና ጥበብ ቀሚስ እንደሚሰጣት፣ ከድምፃዊው ጋርም መድረክ ላይ ለሦስት ደቂቃ እንድታቀነቅን፣ ለዝግጅቱ ድምቀት ሲባልም ጥቁር ልብሷን ለብሳ እንድትመጣ በአክብሮት ይጠይቃል። እንባን በሚመለከት ምንም አልተጻፈም፤ ለእርሷ ፈቃድ ትታችሁት ይሆናል። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ማስቀመጥ ተጸየፍኩ።

ካሰች አትመጣም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ዘፈን ከአልበሙ እንዲወጣና ድንኳን ውስጥ የቀዱት ድምፅ እንዲመለስላት። ካሳም ሽልማትም አልጠየቀችም፣ ይቅርታ ይጠይቁኝ እንኳ አላለችም፤ ይቅርታውን እኔ ነኝ የምጠብቀው። የቀሩትን አሥሩን ዘፈኖች ግን እባክዎ ይሸልሙልን፤ ከየትም ስላልመጡ የሚጎዱት ሰው የለም። እኔም በበኩሌ አራተኛውን ዘፈን ከሱቄ ያጠፋሁ ሲሆን፣ ቀድሞ የጫንኩላቸውን ደንበኞች አንድ በአንድ እየጠራሁ እንዲያጠፉ እለምናለሁ። እስካሁን ሠላሳ አንድ ሰው እሺ ብሎኛል፤ ከእነርሱ መካከል አንድም የኮሚቴ አባል የለበትም።

ለጎንደርና ለአካባቢዋ ላሳዩት፣ ማንም ላልለመነው ፍቅር ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎና ጆሮዎ እንዲመለስልዎ ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ናስር ዐብዱልከሪም
ሙዚቃ ሻጭ፣ ከጎንደር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለካሰች ሳነብላት አንድ ነገር እንድጨምር አዛኛለች። በሬዲዮ ቃለ ምልልስዎ እናትዎ በሕይወት እንዳሉ ሰምታለች፤ ዕድሜያቸውን ያርዝመው ብላለች። ቀናቸው የደረሰ ዕለት ግን ቢልኩባት፣ ድምፅዋ ከተመለሰላት፣ የትም ይሁን የት በእግሯም ቢሆን ትመጣለች። ለእርሳቸው ለብቻቸው ታወርድላቸዋለች፣ ስማቸውንም እዚያው መቃብሩ ላይ ትታው ትመለሳለች።