ከበሩ ውጭ ለቀሩት ከባድ ቅንጣቶች

ለተከበሩ ርዕሰ መምህራችን ለአቶ ወልደ ሩፋኤል፤

ጤናዎ እንደ በርዎ መቀርቀሪያ የጠበቀ፣ ድምፅዎም እንደ ደወልዎ የማያረጅ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከትምህርት ገበታ ያሰናበቱኝ የአሥረኛ ክፍሉ ደርቤ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

፩. መምህርት ሔዋን በሳይንስ ክበብ ያስተማሩንን እርስዎ ስላልሰሙት ላካፍልዎ። የተደባለቁ ጨረር አመንጪ ቅንጣቶችን ለመለየት ሳይንቲስቶቹ ሁሉንም እኩል ገፍተው ይለቋቸዋል፤ ቀላሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከባዱ ይዘገያል፤ በሩም የሚፈለገው በሚደርስባት ቅጽበት ብቻ ይከፈታል። ልብ ይበሉልኝ፣ ከባዱ የዘገየው ሰንፎ ሳይሆን ከብዶ ነው። ሰኞ ጠዋት ከደብረ ኤልያስ መንገድ የሳምንት ስንቅ ተሸክመው ለሚመጡት ልጆች ግን እርስዎ «ሰነፍ ሁሉ!» የሚል ስም አውጥተው በሩን ይዘጉባቸዋል። ስለ ስያሜው እናመሰግናለን።

፪. በሳይንስ ቀን፣ በእንግዶች ፊት፣ እርስዎንና ቀጭኑን የጂኦግራፊ መምህር አቶ አወቀን በሁለት የአሸዋ ጋሪ አስቀምጬ በእኩል ላስቲክ ማስወንጨፌ እውነት ነው። ወደው ስለተቀመጡ ሳይንስ ውለታዎን አይረሳም። አቶ አወቀ መጨረሻው ላይ ባቆምኩት በር ገቡ። እርስዎ ሲደርሱ በሩን ዘግቼ «ዘግይተሃል፣ ወላጅ ይዘህ ና!» አልኩ። ቃሉ የራስዎ ነው፤ አንቱታውን ያስቀረሁትም ጥቅሱ እንዳይዛባብኝ ብዬ ነው። ሳቁን የጨመሩት እንግዶቹ ናቸው።

፫. የቅንጣቶቹ ክብደት እጅግ የተቀራረበ እንደሆነ ደግሞ መስታወት በሚሏቸው ሁለት መመለሻዎች መካከል ያመላልሷቸዋል፤ መንገዱ ሲረዝም ልዩነቱ ይታያል። እርስዎም የይቅርታ ማመልከቻዬን አስይዘው ከጸሐፊዎ ወደ ዩኒት ሊደሩ፣ ከዩኒት ሊደሩ ወደ ጸሐፊዎ ስላመላለሱኝ አድናቆቴ ወሰን የለውም። አንዲት ነገር ብቻ ዘነጉ፤ የእነዚያ ቅንጣቶች ዕድሜ አጭር ስለሆነ ማመላለሱ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ያልቃል፣ አለዚያ በመንገድ ይጠፋሉ። የብሔራዊ ፈተናው ምዝገባ ዓርብ ሲዘጋ እኔ ገና በመመላለስ ላይ ነበርኩ። አንድ ዓመቴን እንዲህ አጥርተው ስላጠፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ቀልሎ ከመግባት ይልቅ ከብዶ መቅረት የደረሰው፣ በሚመጣው ዓመትም በዚያው በር የሚመጣብዎት፣

ደርቤ
ደብረ ማርቆስ፣ ጥር ፳፻፫ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የለጠፍኩት በበሩ በውጭ በኩል ነው። ጥበቃው ጋሽ ታረቀኝ ሊገነጥሉት መጥተው ነበር፤ አንብበው ሲጨርሱ ማጣበቂያውን አቀበሉኝ። እንግዲህ በሩን በዘጉ ቁጥር አንባቢዬ ይበዛልኛል። እንዳይነበብ ከፈለጉ መላው ቀላል ነው፤ ይክፈቱ።