የትንሿ ናፍጣ መኪና ጋቢና

ይድረስ ከልጅነት እስከ ሽበት ላልተለየችኝ አብሮ አደጌ፣ ለመሰላሌ።

እንዴት ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋው? ልጅሽ ሥራ የያዘችበትን አገር ለመደችው? የጓሮ በርሽ ማጠፊያው ተበጀልሽ ወይስ አሁንም በድንጋይ ነው የምታስደግፊው? እኔ ለክፉ አልሰጥም። የትከሻዬ ቁርጥማት አልለቅም ብሏል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ሱቄ በዩኒፎርም ጨርቅ ተሞልቶ እኔው ባለቤቷ መቀመጫ አጥቻለሁ። ያቺ ረዳቴ አግብታ ሄደችብኝ። አዲሷ ደግሞ እጅጌውን ሁሉ በግልባጩ ገጥማ ብታመጣልኝ፣ ይህን የሚለብስ ልጅ ለሰሌዳው ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚጽፈው አልኳት። አኩርፋ ዋለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገሽ እንደምትይኝ አውቃለሁ። በስልክ አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔም ሳቅሽን ስሰማ እስቃለሁ፣ ከዚያ ነገሩ ሳይነገር ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ግን አያስቀኝም። ስለዚህ ልጻፈው። የምጽፍልሽ ስለ መኪናችን ነው፤ ስለ ቅናቴም ነው። ባሌን የምትወስድብኝ ሴት አለች። ይኸው፣ ተጻፈ። ስቀና ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ አንቺ ከሌላ ልጅ ጋር ገመድ ስትዘዪ ባይ የእናቴን መቀስ አምጥቼ ገመዱን የቆረጥኩ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ከባልሽ ሐዘን ስንመለስ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። አንቺ ዘንድ ሰንብተን በአውቶብስ ስንመጣ የኔው ሰው መንገዱን ሙሉ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ዝም አለ። የሟች ነገር ከንክኖት ነው ብዬ ብርቱካን ልጬ ሰጠሁት። ሳይበላው በእጁ እንደያዘ ከተማ ልንገባ ስንል፣ መኪና ሳያስፈልገን አይቀርም አለኝ። ለምን ብለው፣ ለአንቺ ነው፣ ያን ሁሉ ጨርቅ በትከሻሽ እስከ መቼ አለኝ። ደስታዬን ብታይ። ከተጋባን ጀምሮ ትከሻ እንዳለኝ አስተውሎ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ሌላ ወሬ ጠፋ። እኔ የፈለግኩት ቀላል ነው፤ ትንሽ ትሁን፣ በጠባቧ መንገዳችን ትታጠፍ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ ብድግ ብሎ የጨርቅ ጥቅል ያስገባ፣ ለየዕለቱ ምልልስ ትሁነን። እሱም ትንሽ ትሁን በሚለው ተስማማ። ናፍጣ ካልሆነች ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ።

ጎረቤታችን መካኒኩን ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ለጥርሱ እረፍት የማይሰጠው ሳቂታ። እሱን አማከርነው። ይቺን ለምታክል መንገድ ናፍጣ ምን ይሠራልሃል አለው። የአሁኖቹ ናፍጣዎች ጭስ ማውጫቸው ላይ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፣ መኪናዋ ረጅም መንገድ ሞቅ ተደርጋ ካልተነዳች ጥላሸቱ አይቃጠልም፣ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ መጋዘን ለሚመላለስ ሰው ቤንዚን ነው የሚሻለው፣ ናፍጣ የሩቅ መንገደኛ ነው አለው። እውነቱን ነው። ባሌ የሚሠራበት የወረቀት መጋዘን ከሱቄ ያለው ርቀት አንዳችን ስናስነጥስ ሌላችን ይማርህ የምንባባልበት ነው። የኔው ሰው ግን፣ አስኬዳታለሁ፣ እሁድ እሁድ አስፋልት አወጣታለሁ አለ። መካኒኩ ስቆ፣ ሰው ውሻውን ያናፍሳል፣ አንተ መኪና ልታናፍስ ነው አለው። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

መኪና መሸጫው ስንሄድ የተቀበለችን ሻጭ ፀጉሯን ወደ አንድ ጎን የጣለች፣ ተረከዟ ወጥ የሚያማስሉበት ማማሰያ የሚያህል ቆንጆ ናት። ባሌን ጌታዬ ጌታዬ ትለዋለች። መኪናዋን ሀችባክ ትላታለች፤ እኔ ጅራቷ የተቆረጠ ዶሮ ትመስላለች አልኩ። እሱ ስለ ጎማ አልጠየቀ፣ ስለ ፍሬን አልጠየቀ። አንድ ጊዜ ከተሞላች የት ድረስ ትሄዳለች ብቻ ነው ጥያቄው። ሄደው ይመለሱባታል ስትለው ፊቱ በራ። የት ሄዶ ነው የሚመለሰው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ዓይኔ ግን ተረከዟ ላይ ነበር።

ገዛናት። ሰማያዊ ናት። በመጀመሪያ የቀናሁት በራሷ በመኪናዋ ነው። ጠዋት ከኔ በፊት እሷን ነው ደህና አደርሽ የሚላት። የራሱን ካልሲ ከወለል የማያነሳ ሰውዬ መስተዋቷ ላይ ያረፈችውን ጠብታ ሳይቀር በመሐረብ ያደርቅላታል። ጣውንቴ ብዬ ስም አወጣሁላት። ናፍጣ አስቀድቶ ሲመጣ ጣውንቴ በላች ወይ እለዋለሁ። ቢሆንም ወደድኳት፣ ውሸት ምን ያደርጋል። አንቺን መሰላል፣ እኔን በርጩማ ብለው ያወጡልን ሰዎች እንዳልተሳሳቱ ታውቂያለሽ፤ ጋቢና ገብቼ ወንበሩን እስከ ጫፍ ወደ ፊት ስስበው ነው እግሬ ወለል የሚነካው። እንደዚያ ሆኜ፣ ጨርቄን ከኋላ ጭኜ፣ ሱቄ ደጅ ስወርድ ጎረቤቴ ፀጉር ሠሪዋ፣ ክብርት ሆይ ደረሱ እንዴ እያለች በሩን ትከፍትልኝ ነበር።

ከዚያ የእሁዱ ማጣሪያ ማጽዳት ተጀመረ። ጠዋት ይወጣል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይመለሳል። አብሬህ ልሂድ ስለው፣ ለጥላሸት ብለሽ ለምን ትንገላቻለሽ፣ አንቺ እረፊ ይለኛል። ሲመለስ እያፏጨ ነው። ቤት ውስጥ እህ እህ የሚለው ሰው ደረጃውን በሩጫ ይወጣዋል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሲሉ የሰው ባል ብቻ ይመስለኝ ነበር። እራት ሳቀርብለት አልራበኝም ይላል። ጥላሸት ያጠግባል እንዴ አልኩት አንድ ቀን።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋቢና ስገባ እግሬ ተንጠለጠለ። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ምን ሆኖ ነው ብለው፣ ዕቃ ጭኜ ነበር አለኝ። ወደ ፊት ሳብኩት። በቀጣዩም ሰኞ ተንጠለጠልኩ። በዚያ በቀጣዩም። ዕቃ እግር የለውም፣ አብሮ አደጌ። ወንበር ወደ ኋላ የሚገፋ እግሩ የረዘመ ሰው ነው።

ያ ተረከዝ ትዝ አለኝ። ሱቄን ለዚያች እጅጌ ገልባጭ ትቼ ወደ መኪና መሸጫው ሄድኩ። የምላትን በመንገድ ስለማመድ ነበር፤ አንዳንዱን እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ ያፍራል። ስገባ ከጠረጴዛዋ ተነስታ በባዶ እግሯ መጣች። ነፍሰ ጡር ናት፣ እግሯ አብጦባት ያንን ተረከዝ አውልቃዋለች። ጆሮዬ ጋ አትደርስም። ከኔ ከበርጩማዋ ታጥራለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። እናቴ ይቀመጡ ብላ ወንበር ሳበችልኝ፣ መኪናዋ ተስማማችዎት ወይ አለችኝ። ምን ልበል? ሰፋ ያለ የእርግዝና ቀሚስ ልሰፋላት ቃል ገብቼ ወጣሁ።

ስመለስ መካኒኩን ደጁ ላይ አገኘሁትና፣ ያ ማጣሪያ እስኪጸዳ ምን ያህል መነዳት አለባት አልኩት። ግማሽ ሰዓት ይበቃታል አለኝ። ሳቁን ሊጀምር ፊቴን አየና ተወው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የኔው ሰው የበር ማጠፊያ ገዝቶ መጣ፣ ከነብሎኑ። የኛ ቤት በሮች ሁሉ ደህና ናቸው።

ይህን ሁሉ ይዤ ማንን ላማክር? ከልጅነቴ የማማክረው አንድ ሰው ነው። ደወልኩልሽ። ከየት እንደምጀምር ቢጠፋኝ መኪናዋን ማማት ጀመርኩ፤ ጠዋት ስትነሳ ድምጿ እንደ ወፍጮ ነው፣ ሰፈሩን ትቀሰቅሳለች አልኩሽ። አንቺ ደግሞ፣ ተያት እባክሽ፣ ሲሞቃት ትተዋለች አልሽኝ። እየሳቅሽ ነው ያልሽኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ደህና ዋይ ተባብለን ዘጋን። ከዚያ መቀሴን እንደያዝኩ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። አንቺ መኪና ኖሮሽ አያውቅም። ሟቹም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የነበረው ብስክሌት ነው። የኔ መኪና ደግሞ አንቺ አገር መጥታ አታውቅም፣ እኔ እስከማውቀው።

ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጥቻለሁ። ናፍጣ መኪና በየመንገዱ ሞልቷል፣ ማንም ሊነግራት ይችላል አልኩ። ሐዘንተኛ መጠየቅ ጽድቅ ነው፣ የወለቀ በር መግጠምም ጽድቅ ነው አልኩ። ግን ጽድቅ ከሚስት ተደብቆ ይሠራል? ቢነገረኝ ማጠፊያውን እኔው መርጬ እልክ አልነበር? መጋረጃም እጨምርበት ነበር። ደግሞ የኔ ቅናት እንደ ሰው አይደለም። ሌላዋ ሴት የምትቀናው ባሏን ሲወስዱባት ነው። የኔ ሁለት ነው። አንድ ሰው ባሌን ወሰደብኝ፤ ባሌም ያንን ሰው ወሰደብኝ። የትኛው እንደሚብስብኝ ስመዝነው ሚዛኑ አልረጋልኝም።

እሁድን ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሲያንገበግበኝ መንዳት ተማርኩ። አልነገርኩሽም፤ ለማንም አልነገርኩም። ከሰዓት በኋላ ሱቄን እየዘጋሁ ነው የተማርኩት። አስተማሪዬ ቁጡ ሽማግሌ ነው፤ እመቤቴ፣ ዛፉ ከቦታው አይነሳልዎትም፣ እርስዎ ይለፉት ይለኛል። ፍሪሲዮን ላይ ግን አመሰገነኝ። ዕድሜ ልኩን የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ እግር ነውና ቀስ ብሎ መልቀቅ ያውቅበታል። መንጃ ፈቃዴ ወጥቷል። ከመሪው በላይ መንገዱ እንዲታየኝ ከዩኒፎርም ቁርጥራጭ ትራስ ሰፍቻለሁ።

ትናንት ምሳ ላይ መንጃ ፈቃዴን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት። የዚህን እሁድ ማጣሪያ የማጸዳው እኔ ነኝ አልኩት። ማንኪያውን አኖረ። ጠመዝማዛ አለው መንገዱ አለኝ። የትኛው መንገድ አልኩት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የተነጋገርነው ይህን ያህል ነው።

ስለዚህ እሁድ እመጣለሁ፣ ብቻዬን። ይህን ደብዳቤ ለአውቶብሱ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ከኔ ቀድሞ ይደርስሻል። መንገድ አለብኝ ብለሽ ብትወጪ አልቀየምም፤ የጓሮ በርሽን ማጠፊያ አይቼ እመለሳለሁ። ከጠበቅሽኝ ግን ሻይ አፈላለሁ ብለሽ አትድከሚ፣ ነጠላ ጫማሽን እንዳደረግሽ ነይና ግቢ። ጋቢናውን አልነካሁትም። ከሰኞ ጀምሮ እግሬ ተንጠልጥሎ ነው ሱቄ የምሄደው፤ እስከ ኋላ እንደተገፋ ነው ያለው። እኔ ትራሴ ላይ፣ አንቺ ከጎኔ እግርሽን ዘርግተሽ፣ ጥላሸቱ እስኪቃጠል እንነዳለን። የምትነግሪኝ ካለሽ እየሄድን ትነግሪኛለሽ። ዓይኔ አስፋልቱ ላይ ስለሚሆን ፊትሽን አላይም።

ደጅሽ ስደርስ ክላክስ አላደርግም። ድምጿን ታውቂዋለሽ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ልጅሽን በሄደችበት ይጠብቅልሽ። ቤትሽን ከክፉ ዓይን ይሰውርልሽ፣ ዓይኑ የኔም ቢሆን። መቀሴን ሱቅ ትቼ ነው የምመጣው።

ሌላ አብሮ አደግ የሌላት፣
በርጩማሽ